ከጓዳ በማይጠፋ ነገር የሚሠራ የፍራፍሬ ጣፋጭ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ከፍታና በከሰል ምድጃ ላይ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአቃቂ ቃሊቲ መንደሮች፣ ከጓዳ በማይጠፉ ነገሮች፣ ያለ ፉርኖና ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ቀላል የፍራፍሬ ጣፋጭ እንዴት እንደሚሠራና እያንዳንዱም ሥራ በምን ምክንያት እንደሚደረግ መግለጽ ነው። ነገሩ ለኮሌጅ መጽሔት እጅግ ትንሽ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ለልጆቹ ብሎ የገዛው ሙዝ በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ ሲጣል፣ የተጣለው ልጣጭ ሳይሆን ገንዘብ ነው። ከዚህም ጋር የሕፃናቱ ምግብ አብሮ ይጣላል። ስለዚህ የጠቆረውን ሙዝና የላላውን ኮክ ወደ መልካም ምግብ የሚለውጥ ዘዴ ቢገኝ፣ ዘዴው ሊመረመርና ሊጻፍ የሚገባው ነው እንላለን።

እንዲህ ያሉትን ጣፋጮች የሚያስተምሩ የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ሳናገላብጥ አልቀረንም። ነገር ግን መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ዳርቻ ቅርብ ለሆነ አገር፣ ፉርኖ ላለው ማድ ቤት፣ ቅቤና ክሬም ዓመቱን ሙሉ ለሚበላ ቤተ ሰብ፣ ከምግብ በኋላም ጣፋጭ ማቅረብ ለለመደ ገበታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከፍታው ሌላ፣ ምድጃው ሌላ፣ ጾሙ ሌላ፣ ገበታውም ሌላ ነው። መጽሐፉን እንደ ተጻፈ መከተል የማይሆነውም ስለዚህ ነው። እነዚህን አራት ልዩነቶች በየተራቸው እንመለከታለን።

1. ስለ ስፍራውና ስለ ፍሬው

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማው ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። አገሩ ከጥንት የቱለማ ኦሮሞ የእርሻና የከብት ምድር ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ አቃቂ በመሥመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ከዚያም ወዲህ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ስለ ተተከሉበት የወዛደር ሰፈር ተብሎ ታወቀ።

የቦታው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ ሙዝና ማንጎ ለገበያ አይለሙም፤ ስለዚህ በየጉሊቱ ከሚሸጠው ፍሬ የሚበዛው ከቆላ የመጣ እንግዳ ነው። ሙዙ በብዛት የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ሲሆን፣ ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በጭነት መኪና ተጉዞ ይደርሳል። ከደጋ ፍሬዎች ኮክ በክረምት ይመጣል፤ በጋሞ ደጋ በጨንቻ ሚሲዮናውያን ያስገቡት ፖምም አልፎ አልፎ ይገኛል። ዘይቱን ደግሞ በወቅቱ በርካሽ ይሸጣል።

ረጅም መንገድ የተጓዘ ፍሬ መጎዳቱ አይቀርም። ጧት በደኅና ዋጋ የተሸጠው ሙዝ ማታ ነጠብጣብ ሲያወጣ ዋጋው ይወርዳል። ለማብሰል ግን የሚፈለገው ይህኛው ነው። ምክንያቱም ያልበሰለ ሙዝ ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ያህል ስታርች ሲሆን፣ ፍሬው እየበሰለ በሄደ መጠን ይህ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ቆዳው የጠቆረ ሙዝ የራሱን ስኳር ይዞ የመጣ ነው፤ የገዛነውን ስኳር ይቆጥብልናል። የሻገተ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ፍሬ ግን ከዚህ ቍጥር አይገባም፤ መጣል ይኖርበታል።

2. በጓዳ ውስጥ ያለው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ስኳር፣ የፉርኖ ዱቄት፣ በሶ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የምግብ ዘይት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ እንዲሁም ለሻይ የሚቀመጡት ቀረፋና ቅርንፉድ ናቸው። ሁሉም ባይሟሉ እንኳ የሚበዙት ከአንድ ቤት አይታጡም።

ከእነዚህ ውስጥ ስኳር እንደ ተራ ነገር የሚታየው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ቀድሞ የጣፋጭ ነገር ሁሉ ምንጭ ማር ነበረ፤ ማሩም ይበልጡን ወደ ጠጅ ይሄድ ነበር። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የአገር ውስጥ ስኳር በሻይ በኩል ወደ ድኻውም ቤት ገባ። ዛሬም ቢሆን ስኳር በማንኪያ እየተቆጠረ የሚወጣ ነገር ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የሰጠነው ልክ በተቻለ መጠን አነስተኛ ነው።

ስለ ፉርኖ ዱቄትም አንድ ነገር እንበል። ፉርኖ የተባለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ቃሉ ከምድጃው ይልቅ ከነጩ የስንዴ ዱቄት ጋር ተጣበቀ። በአብዛኛው የአቃቂ ቤት የፉርኖ ዱቄት አለ፤ ፉርኖው ግን የለም። በውጭ አገር መጽሐፍና በእኛ ጓዳ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ ቃል የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

3. አሠራሩ

በእንግሊዝ አገር የሚሠራ አንድ ጣፋጭ አለ፤ ይኸውም ፍሬ በሳህን ተደርጎ፣ በላዩ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የታሹበት ፍርፋሪ ተነስንሶ በፉርኖ የሚጋገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤና ዱቄት በልክ ሲታደል፣ ሊጥ ተዳምጦ ከሚሠራው ኬክ ይልቅ ይህ ቆጣቢ ሆኖ ስለ ተገኘ እንደ ተስፋፋ ይነገራል። እኛም የምንገልጸው የዚህን ዘመድ ነው፤ ዋናው ልዩነት ፍሬውና ፍርፋሪው ለየብቻ በስለው በመጨረሻ መገናኘታቸው ነው። በዚህ መንገድ ፉርኖ ሳያስፈልግ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ መጥበሻና አንድ ድስት ይበቃል።

የሚከተለው ልክ ለስድስት ሰው የሚሆን ነው። ብርጭቆ ያልነው ሩብ ሊትር የሚይዘውን ነው።

ለፍሬው፦ 8 በደንብ የበሰሉ ሙዞች፣ ወይም 1 ኪሎ ኮክ፣ ወይም 1 ኪሎ ዘይቱን፤ 1 ብርጭቆ ውሃ፤ ለሙዝ ከሆነ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ለኮክ ወይም ለዘይቱን ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፤ የ2 ሎሚ ጭማቂ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፤ አንድ ስባሪ ቀረፋና 2 ፍሬ ቅርንፉድ።

ለፍርፋሪው፦ 1 ብርጭቆ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፤ ግማሽ ብርጭቆ በሶ፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፤ አንድ ቁንጥር ጨው።

በመጀመሪያ ፍርፋሪው ይሠራል። ዘይቱ በመጥበሻ ለስለስ ባለ እሳት ይሞቅና የዳቦው ፍርፋሪ ይጨመርበታል፤ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ቀለሙ የተቆላ ገብስ እስኪመስል ድረስ ይቆላል። በሶው የሚጨመረው በመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም በሶ ቀድሞውኑ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ ብዙ ከቆየ ያርርና ይመራል። ከእሳት ሲወርድ ስኳሩና ጨው ይነሰነስበታል። ስኳሩ በእሳት ላይ ሳለ ቢጨመር ቀልጦ ፍርፋሪውን አንድ ላይ ያጓጉለዋል። ፍርፋሪው በሰፊ ሳህን ተበትኖ ይቀዝቅዝ።

ቀጥሎ ውሃው፣ ስኳሩ፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ በድስት ይፈላሉ። ኮክ ከሆነ ታጥቦ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ፍሬ አጥንቱ ወጥቶ ይገባና እስኪለሰልስ 20 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ዘይቱን ከሆነ ተቆራርጦ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ፣ ዘሩ ለጥርስ የማይመች ስለ ሆነ በወንፊት ይጠለላል። ሙዝ ከሆነ ግን ተልጦ በወፍራሙ ተቆርጦ የሚገባው ሎሚውና ዱቄቱ ከተጨመሩ በኋላ ሲሆን፣ ከ5 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም፤ ከቆየ ይሟሟል።

ዱቄቱ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ ይጨመራል። በፈላው ላይ ደረቅ ዱቄት የጨመረ ሰው፣ የእያንዳንዱ ቅንጣት ውጩ ወዲያው ስለሚበስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ስለሚቀር፣ ጓል ብቻ ያገኛል። ሽሮ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። መረቁ ወፈር ሲል ሎሚው ይጨመርና ድስቱ ይወጣል።

ሲቀርብ ፍሬው በየሳህኑ ተደርጎ ፍርፋሪው በላዩ ይነሰነሳል። ይህም ከመበላቱ በፊት ወዲያው መሆን ይገባዋል፤ ፍርፋሪው ከመረቁ ጋር ከቆየ ውሃ ይመጥና እንደ ፍትፍት ይለሰልሳል፤ የጣፋጩ ደስታ ግን ለስላሳውና ቁርጥም የሚለው በአንድ ጉርሻ መገናኘታቸው ነው።

የሎሚው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተቆረጠ ሙዝ ወይም ፖም አየር ሲነካው የሚጠቁረው በፍሬው ውስጥ ባለ ኤንዛይም ምክንያት ስለ ሆነ፣ አሲድ ይህን ሥራ ያዘገየዋል። ስለዚህ ፍሬውን አስቀድሞ የሚቆርጥ ሰው ከሎሚው ጥቂት ቢረጭበት መልካም ነው። ሁለተኛ፣ የሎሚው ጥርስ አለመኖር ጣፋጩን ሰልቺ ያደርገዋል፤ ሎሚ ሲገባ ያው ትንሽ ስኳር በጣዕሙ ይታወቃል።

4. ስለ ከፍታው

ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቍጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው ሙቀትም ይወርዳል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በአቃቂ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰል ቢጨመር፣ እሳቱም ቢበረታ፣ ክዳን በሌለው ድስት ያለው ውሃ ቶሎ ይተን እንጂ ከዚህ አይሞቅም። ባቄላና ሽምብራ በአዲስ አበባ ብዙ ሰዓት የሚፈጁትና እናቶቻችን ከዋዜማው የሚዘፈዝፏቸው ከዚህም የተነሣ ነው። ኮኩም እንዲሁ መጽሐፉ ከሚለው ደቂቃ በላይ ቢፈልግ ሊያስደንቅ አይገባም።

ይሁን እንጂ ከፍታው የሚገዛው በውሃ የሚበስለውን ብቻ ነው። የስንዴ ስታርች ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ውሃ እየጠጣ ስለሚያብጥ፣ ለመወፈር 93 ዲግሪ በቂ ነው። በደረቅ መጥበሻ ላይ የሚቆላው ፍርፋሪ ደግሞ ውሃ ስለሌለበት ከ140 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፤ መልካሙ ሽታና ቡኒው ቀለም የሚገኙትም ከዚያ ነው። ስለዚህ ለመቆላት የተሰጠ ጊዜ በአቃቂም ሆነ በጅቡቲ ያው ነው፤ ለመቀቀል የተሰጠው ግን ሊረዝም ይገባዋል።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ማርማላታ የሚሠራውን ነው። ከዘይቱን ወይም ከኮክ የተረፈውን በስኳር አብስሎ ለማቆየት የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ፣ ሙቀቱ 104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ እንዲያወርድ ይነገረዋል። ይህ ቍጥር በራሱ ትርጉም የለውም፤ ትርጉሙ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲበልጥ ማለት ነው። ስኳር በውሃ ውስጥ በበዛ መጠን መፍያውን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ይህ ብልጫ የስኳሩ መጠን ለመርጋት በቂ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ በአቃቂ ማውረድ የሚገባው በ97 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። 105 ድረስ የሚጠብቅ ሰው ግን ውሃው አልቆበት፣ የጠነከረ ከረሜላ ወይም ያረረ ድስት ያገኛል፤ ስኳሩም ከሰሉም ይጠፋል።

ሙቀት መለኪያ በየቤቱ ስለማይገኝ ሌላ መፈተኛ አለ። ከማርማላታው አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ በጣት ሲገፉት ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል፤ እንደ ውሃ ከሸሸ ገና ነው። ይህ ፈተና ከፍታ አያውቅም፤ በማንኛውም አገር ይሠራል። የሚያረጋው ነገር በፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን ሲሆን፣ ዘይቱን ከዚህ ብዙ አለው፤ ኮክ ግን ያንስበታልና ሎሚ ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። ሙዝ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ይህን ስሌት ከየአገሩ የመጡ ጓደኞቻችን ለየቤታቸው ሊያውሉት ይችላሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ውሃ በ90 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይፈላባታል፤ ማርማላታውም በ95 ይደርሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች መፍያው 96 ሲሆን ማርማላታው 100 ዲግሪ ተኩል ይፈልጋል።

5. ስለ ጾሙና ስለ ቅቤው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾምና ሌሎቹን አጽዋማት ሲቆጥር ከዓመቱ ብዙው ቀን ቅቤ፣ ወተትና ዕንቍላል የማይነካበት ነው። የውጭው መጽሐፍ ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ሳያነሣ ጣፋጭ አይሠራም። ኮክ በገበያ የሚታይበት ክረምትም ፍልሰታን ይዞ ይመጣል። ከዚህ በላይ የገለጽነው በዘይት የተሠራ ስለ ሆነ ለጾም ይሆናል።

ዘይት ዱቄትን ከመጣበቅ የሚከለክለው እንደ ቅቤ ነው፤ እያንዳንዱን ቅንጣት ይለብሰውና ውሃ እንዳይገባበት ያደርጋል። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፋንታ ቅቤ መጠቀም የሚወድ ሰው ለጋውን ቢመርጥ ይሻላል፤ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው ቅቤ የወጥ ሽታ ይሰጠዋል። በሶን በቅቤ ማሸት ለአቃቂ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የኦሮሞ እናቶች ጭኮን የሚሠሩት የተቆላ የገብስ ዱቄትን በቅቤ አሽተው ነው። ስለዚህ የእንግሊዙ ፍርፋሪ ከሩቅ የመጣ ቢመስልም፣ ዘመዱ ቀድሞ እዚሁ ይኖር ነበር ማለት ይቻላል።

6. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

አንደኛ፣ የኮኩ አጥንት ሲሰበር የሚገኘው መራራ ለውዝ መሰል ፍሬ ሽታው መልካም ስለ ሆነ ወቅጦ ለመጨመር የሚያምረው ሰው ይኖራል። በውስጡ ግን በሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚሰጥ ነገር አለውና መጣል ይገባዋል፤ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ሎሚ የገባበት ፍሬ በአሉሚኒየም ድስት ቢበስል ግድ የለም፤ ነገር ግን አሲዱ ብረቱን ስለሚበላውና ጣዕሙን ስለሚያበላሸው በድስቱ ማደር የለበትም። ወደ ሸክላ ወይም ወደ ብርጭቆ ዕቃ ይገልበጥ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በማግሥቱ ማለቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ፍሬውን ማጠብ የሚገባው በንጹሕ ውሃ ነው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካዎቹን ቆሻሻ ተሸክሞ እንደሚወርድ የታወቀ ነው። መፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ለዚህም 93 ዲግሪ በቂ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣውን እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያለ ብረት ግን እሳት አያጠፋውም። በወንዙ ውሃ የታጠበ ፍሬ ቢቀቀልም ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ በተለይ በክረምት፣ ብርድ በር በሚያዘጋበት ጊዜ፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ቤተ ሰብ ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሥራ።

7. በገበታ ላይ ስላለው ስፍራ

ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ እኛ ዘንድ ስፍራ የለውም የሚሉ ጓደኞች አሉን። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። እንጀራ ከተበላ በኋላ እጅ ታጥቦ ገበታው ይነሣል፤ ሌላ ሳህን የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ይህን ጣፋጭ እንደ ሆቴል ወጉን ተከትሎ ከወጥ በኋላ የሚያቀርብ ሰው፣ የጠገበ እንግዳ አስቸግሮ ይቀራል።

ነገር ግን የእኛ ሥርዓት ለትንሽ ምግብ የለየው ሌላ ሰዓት አለው፤ ይኸውም ቡና የሚፈላበት ነው። ለቡና ቁርስ ቆሎ፣ ፈንዲሻ ወይም ዳቦ ይቀርባል። ቆሎው የተቆላ እህል ነው፤ ፍርፋሪውም የተቆላ እህል ነው። ጎረቤት በሚሰበሰብበት፣ ልጆችም በእናታቸው ጎን በሚቀመጡበት በዚያ ሰዓት በትንሽ ሳህን ቢቀርብ እንግዳ ሆኖ አይታይም። ጣፋጩ ከመራራው ቡና ጋር መስማማቱም ሌላ ጥቅም ነው። የተበላሸ ሊሆን የነበረው የማክሰኞ ሙዝ በረቡዕ ቡና ላይ፣ ጾሙን ሳይሽር፣ ለስድስት ሰው ይዳረሳል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። ከውጭ አገር የመጣ አሠራር የሚጠቅመን ቍጥሩን ቀድተን ሳይሆን ምክንያቱን አውቀን ስንቀበለው ነው። 105 ዲግሪ የሚለው ቍጥር በአቃቂ ድስት ያሳርራል፤ ውሃ ከሚፈላበት በ4 ዲግሪ ተኩል ይብለጥ የሚለው ምክንያት ግን በየትኛውም አገር ያገለግላል። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን በየአገራቸው ፍሬና በየአገራቸው ከፍታ ሞክረውት፣ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀባቸውና በበሶው ፋንታ ምን እንደ ተጠቀሙ ቢጽፉልን፣ በሚቀጥለው ቍጥር ጐን ለጐን አስተያይተን ለማቅረብ እንችላለን።